የቀነዓ የልደት ግልባጭ

ናዝሬት፣ ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጆቴ
ቡልቡላ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ሰላም ለባለቤትዎ ለቀመሪያ፣ ሰላም ለልጅዎ ለሁንዴ፣ ለከብቱም ለደጁም። የኔን ጽሕፈት ሲያዩ "ዛሬ ደግሞ ምን አስታወሳት" እንደሚሉ አውቃለሁ። ወንድምዎ ሰንበታ ካረፈና እኔም ልጄን ይዤ ናዝሬት ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆነ፤ አንድ መስመር አልጻፍኩልዎትም። አሁን የጻፍኩት ጭንቅ አስገድዶኝ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።

ጋሼ፣ ቀነዓን ወሰዱብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘይት ግዛልኝ ብዬ ገበያ ልኬው ነበር። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መንገዱን ከወዲያና ከወዲህ ዘግተው ቁመቱ ዘለግ ያለውን ሁሉ ሲለቅሙ እሱም ተለቀመ። ያውቁታል፣ ልጁ የአባቱ አምሳያ ነው፤ ገና ጢም ሳያበቅል መለሎ ሆኗል። ቀበሌው አዳራሽ ሲያሳድሩት ደጅ ቆሜ አደርኩ። ሲነጋ ለብሔራዊ ውትድርና ናቸው ተብሎ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ማሠልጠኛ በካሚዮን ጫኗቸው። እጁን አውለበለበልኝ፤ የዘይት ጠርሙሱን እንደያዘ ነበር።

ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ነው የሚለው። ቀነዓ አሥራ ስድስት ነው። ይህን ለቀበሌው ሊቀ መንበር ስነግረው፣ "እትዬ ዘርፉ፣ እናት ሁሉ ልጄ ሕፃን ነው ትላለች። እኔ በእናት አፍ አልሠራም። የልደት ወረቀት አምጪ" አለኝ።

ወረቀቱ የለኝም። የጸሎት ቤታችን በተዘጋ ጊዜ ቤታችንን ሲፈትሹ መጽሐፍ ቅዱሱንም፣ የሰንበታን ፎቶግራፍም፣ ወረቀት የሚመስለውን ሁሉ በጆንያ ሞልተው ሄዱ። ያን ጊዜ መልሱልኝ ማለት ራስን ማሳሰር ነበር።

ነገር ግን ሰንበታ የመንገድ ሥራ ሊቀጠር ሲል ልጅ እንዳለህ ማስረጃ አምጣ ተብሎ ቀነዓን ዝዋይ ማዘጋጃ ቤት አስመዝግቦት ነበር። እርስዎም አብረውት ሄደዋል። የተወለደው ኅዳር 1962 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ እዚያው ይኖራል፤ ግልባጩን ያውጡልኝ። ራሴ እንዳልሄድ ከከተማ መውጫ የይለፍ ወረቀት ቀበሌውን ብጠይቅ ከለከሉኝ። ቢፈቅዱልኝም ዝዋይ የአባት ወገን ካልቀረበ አይሰጡም አሉ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ወደ ሰሜን ነው የሚጭኗቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ቢመጣ ለማን ነው?

ይህን ደብዳቤ የያዘው አብዱልጀባር የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እኔ ወጥ የምሠራበት ሆቴል አውቶቡስ ተራው አጠገብ ስለሆነ ምሳውን እዚያ ይበላል። ሲመለስ ቡልቡላ ቆሞ መልስዎን ይቀበላል።

ደጅዎን የምጠና፣
የወንድምዎ ሚስት ዘርፉ


ቡልቡላ፣ ጥር 29 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለዘርፉ
ናዝሬት

ነጋያ ነሽ ወይ? ሰላም ነሽ ወይ? እኛ ሰላም ነን። ከብቱም ሰላም ነው። ዝናብ ግን የለም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ራሴ አነበብኩት። መሠረተ ትምህርት ከተማርኩ ወዲህ አንብቡልኝ ብዬ ሰው አልለምንም። እጄ ግን ገና ነው፤ ፊደሉ ቢጣመም ታገሺኝ።

ስለ ልጁ በጣም አዘንኩ። የሰንበታ ደም ነው። ቀመሪያም አለቀሰች።

ዝዋይ አሁን መሄድ ግን አይመችም። ማዘጋጃ ቤቱ ድሮ በነበረበት የለም ይላሉ። የድሮውም መዝገብ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄዷል ይላሉ። ጉልበቴም ያመኛል። ሁንዴ ከብት ይዞ ሩቅ ወርዷል፤ ቤቱን የምተውለት ሰው የለም። ጥቂት ታገሺ። በዚያ በኩል የልጁን ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ። አስተማሪ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን። ምስክር ይበቃ ይሆናል።

ትንሽ በቆሎ በሹፌሩ ልኬልሻለሁ።

ረቢ ልጁን ይጠብቀው።

ጆቴ


ናዝሬት፣ የካቲት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጋሼ ጆቴ

የላከው እጅዎ አይንጠፍ፤ በቆሎው ደርሶኛል። ለቀመሪያ እንባ ደግሞ እግዜር ብድሯን ይክፈላት።

እንዳሉኝ ምስክር ፈለግሁ። የቀነዓ የክፍል አስተማሪ ደግ ሰው ነው፤ "ይህ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ዕድሜውም ለአካለ መጠን አልደረሰም" ብሎ ጻፈልኝ። ሊቀ መንበሩ አነበበና "ስምንተኛ ክፍል የሃያ ዓመት ሰውም ይማራል" ብሎ መለሰልኝ። ጎረቤቶቼ አንዳቸውም ሊፈርሙልኝ አልደፈሩም። አልፈርድባቸውም። እነሱም ልጅ አላቸው፣ ስማቸው ከጴንጤ ስም ጋር አንድ ወረቀት ላይ እንዲገኝ አይፈልጉም።

እሁድ እሁድ በሽቦው አጥር በኩል እንድናያቸው ይፈቅዳሉ። ሄጄ አየሁት። ፀጉሩን ላጭተውት ጆሮው ብቻ ቀርቷል። ለካ እስከዛሬ ራሱን ሸፍኖት የነበረው ፀጉሩ ነው፤ አንገቱ እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ያመጣሁለትን ዳቦ እንኳ ሳይቀምስ፣

"እማዬ፣ ወረቀቱ መቼ ይመጣል?" አለኝ።

"አጎትህ እያመጣው ነው" አልኩት።

"ጋሼ ጆቴ? እስካሁን ያውቀኛል እንዴ?"

"እንዴት አያውቅህም! አዝሎህ ወንዝ የተሻገረ ሰው።"

ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ፊሽካ ተነፋና ሮጦ ሄደ። ጋሼ፣ አጎትህ እያመጣው ነው ያልኩት ውሸት ነው ወይስ እውነት? እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

አጠገቤ የቆመች ሴት ልጇን ልታይ ከሞጆ የመጣች ናት። ስሙን እየጠራች አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰች። በመጨረሻ አንዱ ወታደር አዘነላትና "እናቴ፣ የእነሱ ምድብ ባለፈው ሳምንት ሄዷል" አላት። ዳቦዋን እንደያዘች አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

ዝዋይ ሲሄዱ ባዶ እጅዎን ከሆነ እንዳያጉላሉዎት፣ ቀበሌው በር ላይ እየተቀመጥኩ እስኪሰለቻቸው ድረስ ለምኜ "ማስረጃው ካለ ይሰጣት" የሚል ደብዳቤ አጽፌአለሁ። ማኅተም አለው። ከዚህ ጋር ይደርስዎታል። እንግዲህ የቀረው የእርስዎ መሄድ ብቻ ነው።

ዘርፉ


ቡልቡላ፣ የካቲት 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለዘርፉ

ሰላም ዋልሽ ወይ? የልጁስ ጤና?

የቀበሌው ደብዳቤ ደርሶኛል። ነገር ግን የእኔም ገበሬ ማኅበር መጻፍ አለበት። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ወንድም እንደሆንኩ ማኅበሩ ካልመሰከረ አውራጃው አይቀበልም። ሊቀ መንበራችን ጉተማ ነው። አብረን ያደግን ሰው ነው። አነጋገርኩት። "ቆይ" አለኝ። ለምን ቆይ እንዳለ ልጽፍልሽ አልችልም። ደብዳቤ በመንገድ ይከፈታል።

ቀመሪያ ያንን የአጥሩን ነገር የጻፍሽበትን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ እንዳላነሳ ከለከለችኝ።

እንደማላስብ አታድርጊኝ። አስባለሁ። እንቅልፍም የለኝም።

ሳልሄድ በመቅረቴ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ሌላ የምልሽ የለኝም።

ጆቴ


ናዝሬት፣ የካቲት 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ጋሼ ጆቴ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ፤ ለረጅሙ ትንፋሽ የለኝም።

ከፋሲካ በፊት ይሄዳሉ ተብሏል። ሰሜን ሰው ስላነሰ ሥልጠናውን አሳጥረውታል። ይህን የነገረኝ ራሱ ቀነዓ ነው። ጠመንጃ ይዘው እንዲተኩሱ አድርገዋቸዋል፤ ትከሻው ላይ ጥቁር ሰንበር አየሁ። "ዒላማውን መታሁት እማዬ" አለኝ፣ ደስ ብሎት እንደሆነ ፈርቶ እንደሆነ ከፊቱ መለየት አቃተኝ። ወረቀቱን ግን ከእንግዲህ አይጠይቀኝም። መጠየቅ ማቆሙ ነው የገደለኝ።

እርስዎ ጉልበቴን አሉ፣ ከብት አሉ፣ ቆይ አሉ። ዝዋይ እኮ ከእርስዎ ደጅ ቅርብ ናት! እኔ ቢለቁኝ በእግሬ እሄዳለሁ።

መናገሩ ያስጠላኛል እንጂ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ሰንበታ እንደሞተ በወጉ መሠረት ጆቴ የወንድሙን ሚስት ይውረስ ተብሎ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ፣ እኔ በመካከላቸው ቆሜ እምቢ አልኩ። ልጄን እጁን ይዤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። በሰው ፊት አዋረድኩዎት። እስከዛሬ ስላልተነጋገርነው የተረሳ መስሎኝ ነበር። አልተረሳም ማለት ነው። እሺ፤ ቂምዎ ከእኔ ጋር ነው፤ እኔን ይርገሙኝ። ልጁ ግን ምን አደረገ? እሱ እኮ ያን ቀን የአውቶቡሱን መስኮት ይዞ ወደ እርስዎ ሲያይ ነበር።

የራስዎ ልጅ ቢሆን ኖሮ ጉልበቴን አመመኝ አይሉም ነበር። ሁንዴ ቢሆን ኖሮ የዚያኑ ዕለት ዝዋይ ገስግሰው ነበር።

ይኸው ተናገርኩት። ካጠፋሁ እግዚአብሔር ይይልኝ።

ዘርፉ


ቡልቡላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለዘርፉ

ሰላም ለአንቺ።

የጠየቅሽው ወረቀት በዚህ ውስጥ አለ። ማኅተሙ ላይ አትጠፊው፤ ይሰነጠቃል።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጉተማ ዘንድ ሄድኩና "ጻፍልኝ" አልኩት። "አስበህበታል?" አለኝ። "አስቤበታለሁ" አልኩት። ጻፈልኝ። ለምስክርነት ጎረቤቴን ነጋሳን ይዤ ዝዋይ ወረድን።

እኔና ሰንበታ የሄድንበት ቢሮ ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። የድሮው መዝገብ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ጓሮ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቆልሏል። መዝገብ ቤቷ ኢፍቱ የምትባል ወጣት ናት። "አባቴ፣ የንጉሡን ጊዜ መዝገብ አይጥ በልቶታል" አለችኝ። "የበላውን ተዪና የተረፈውን አሳዪኝ" አልኳት። ሳቀች። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አስራ ገባች። አቧራው ጭስ ይመስላል። እኔና ነጋሳ ደጅ ዋልን። በበነጋውም ዋልን። የአሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንዱን አመጣች፣ የስድሳ ሦስቱን አመጣች፤ የስድሳ ሁለቱ የለም። ልንሄድ ስንነሣ ከመሬት ላይ አገኘችው፤ የአንድ ጠረጴዛ እግር እንዳይወላገድ ከሥሩ ተደርጎ ነበር።

የሰንበታ ፊርማ እዚያ አለ። አየሁት። ወንድሜ ስሙን ሲጽፍ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አጥብቆ ይጫን ነበር፤ ዛሬም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ጣቴን አሳረፍኩበት። ልጅቷ ጠበቀችኝ።

ግልባጩን ጻፈችና ኃላፊው ዘንድ ወሰደችን። ኃላፊው ሊፈርም ብዕር አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

"አጎቱ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"ከዚህ ማኅበር ነህ? ጉተማ ከሚመራው?"

"አዎ።"

"አንተስ ልጅ አለህ?"

"አንድ አለኝ።"

"ወንድ?"

"ወንድ።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሃያ" አልኩት። ጻፈው። ከዚያ የቀነዓን ፈረመ፣ ማኅተሙን መታው።

ስለዚህ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ማንም እንከን አያወጣለትም። ቶሎ ውሰጂው።

ጆቴ


ናዝሬት፣ መጋቢት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባት ሆነው አባት ላሳጣሁት ልጅ የደረሱለት ጋሼ ጆቴ፣

ምን ብዬ ልጀምር? እግርዎ ሥር ተደፍቼ ብጀምር ነበር የሚገባኝ።

ቀነዓ ቤት ነው! ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተኝቷል። እንቅልፍ ሆኖበታል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሣና ይበላል።

አብዱልጀባር ወረቀቱን ይዞ ወጥ ቤት ድረስ ገባልኝ። ሽርጤን ሳልፈታ ሮጥኩ። መጀመሪያ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ፤ ወዲያ ወዲህ አገላበጠው፣ የሚለው ሲያጣ "ማሠልጠኛው ነው የሚወስነው" አለኝ። ማሠልጠኛው በር ላይ ከቀትር እስከ ማታ ቆምኩ። በመጨረሻ አንድ ሻምበል አስገባኝ። ወረቀቱን አነበበ፣ ልጁን አስጠራው። ቀነዓ ሲገባ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔን እንኳ አላየኝም።

"መቼ ተወለድክ?" አለው።

"ኅዳር ስድሳ ሁለት፣ ጓድ ሻምበል!"

ሻምበሉ ወረቀቱን አየ፣ ልጁን አየ። "ልብስህን አስረክብና ከእናትህ ጋር ሂድ" አለው። ቀነዓ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ ሲነግረው ነው የገባው። እዚያው ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሻምበሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ደስታዬ ሙሉ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ወረቀቱን አልመለሰልኝም። አንድ ትልቅ መዝገብ አወጣና ከቀነዓ ስም ፊት "ኅዳር 1980 ዓ.ም. ይቅረብ" ብሎ ጻፈ። እስከዛሬ ልጄ የተወለደበትን ወር የምናውቀው እኔና እርስዎ ነበርን። አሁን እነሱም ያውቁታል። ቢሆንም እስከዚያ ድረስ ልጄ ነው። እስከዚያ የሚሆነውን ማን ያውቃል።

ያን የመጨረሻውን ደብዳቤዬን ይቅደዱልኝ። አብጄ ነበር። እርስዎ ግን ለዚያ ስድብ አንድ ቃል እንኳ ሳይመልሱልኝ ሄደው ወረቀቱን አመጡልኝ። እኔ እንዲህ ያለ ልብ የለኝም።

ሁንዴ ከቆላ ሲመለስ ጉንጩን ይሳሙልኝ። ቀነዓ ትምህርት ሲዘጋ ቡልቡላ ሄጄ ሁንዴን ልየው እያለ ነው።

ዘርፉ


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጋሼ ጆቴ

ከደብዳቤዬ ወዲህ ድምፅዎ ጠፋብኝ። አብዱልጀባር በመጣ በሄደ ቁጥር ቡልቡላ ላይ አውቶቡሱን እያቆመ ይጠይቅልኛል፤ በሩ ዝግ ነው፣ የሚነግረኝም ሰው የለም ይለኛል። አሞዎት ነው? ቀመሪያ አሟት ነው? ወይስ የጻፍኩት ነገር ቅር አሰኝቶዎታል? አንዲት ቃል ብቻ ይላኩልኝ። "ደህና ነን" ብቻ ይበቃኛል።

ዘርፉ


ቡልቡላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለዘርፉ

ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ብዕሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። እጄ እምቢ አለኝ።

ዝም ያልኩት ታስሬ ነው። አሁን ፈተውኛል።

ሁንዴ ከብት ይዞ አልወረደም ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ግራሩ ውስጥ ለውትድርና እንዳይለቀም ደብቀነው ነው የኖርነው። ቀመሪያ ውኃ ልትቀዳ እየመሰለች ምግብ ታደርስለት ነበር። ጉተማ ያውቃል። ዓይኑን ጨፍኖልን ነበር። ሁልጊዜ "ጆቴ፣ ስምህ አንድም ወረቀት ላይ አይውጣ። ስምህ ከወጣ ቤትህ ይቆጠራል" ይለኝ ነበር። ቆይ ያለኝ ለዚህ ነው። የኔም ጉልበት ያመመው ለዚህ ነው።

ወረቀቱን በላክሁልሽ በሳምንቱ ከአውራጃው መጡ። ልጁን ሲያጡ እኔን ወሰዱ። "እሱ እስኪመጣ አንተ ትቀመጣለህ" አሉኝ። ቀመሪያን እንዳትነግሪው ብያት ነበር። ነገረችው ይሁን ራሱ ሰምቶ ይሁን እስከዛሬ አልጠየቅኳትም። አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና "ውጣ" አሉኝ። እኔ ስወጣ እሱ ሲገባ በሩ ላይ ተገናኘን። ልብሱ ላይ የግራር እሾኽ ነበር።

"አባ፣ ነጯ ላም ወልዳለች" አለኝ።

ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አልሰጡንም።

ቀመሪያ ከኔ ጋር አትነጋገርም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። ትናንት ብቻ አንድ ነገር ተናገረች። "የሰው ልጅ አውጥተህ የኔን አስገባህ" አለችኝ። ሰንበታ ወንድሜ ነው ልላት አልኩ፤ ደግሞ ተውኩት። እሷም ያንን ታውቀዋለች።

በዚያ ደብዳቤሽ ላይ ስለ ሽማግሌዎቹ ጽፈሽ ነበር። ያን ዕለት ተናድጄብሻለሁ፤ እውነት ነው። ቂም ግን አልያዝኩም። ደብዳቤውንም አልቀደድኩትም። አንቺ የጻፍሽው ለልጅሽ ነው። እኔም ሁንዴን ደብቄ የቆየሁት ለልጄ ነው። ከሁለት አንዱ መሆን ነበረበት። አንደኛው አሥራ ስድስት ነው፣ ሌላኛው ሃያ። ምርጫ አትበዪው፤ እኔም ምርጫ አልለውም።

ለቀነዓ አትንገሪው። ልጅ ነው፤ ይማርበት።

ሁንዴን የወሰዱት ወደናንተ ወደ ናዝሬት ነው ይላሉ። እርግጡን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ጆቴ


ናዝሬት፣ ግንቦት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ጋሼ ጆቴ፣

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ አይደለም። ለቀመሪያ ነው። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት፤ አንዲት ቃል እንዳይዘሉ። ከክፍሉ ብትወጣ ደጅ ተከትለው ያንብቡላት።

እህቴ ቀመሪያ፣

ማሪኝ አልልሽም። ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

ጋሼ ለቀነዓ አትንገሪው ብለውኝ ነበር፤ ግን ደብዳቤውን ከሹፌሩ የተቀበለው ራሱ ነው፣ ከኔ በፊት አንብቦታል። ሥራ ውዬ ስመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። "እማዬ፣ እኔ ተመልሼ ብገባ እሱን ይለቁታል?" አለኝ። "አይለቁትም፤ ሁለታችሁንም ነው የሚይዙት" አልኩት። እውነት ነው የነገርኩት። በጥፊ የመታሁት ያህል አየኝ።

እሁድ ሲሆን ሁለታችን ወደዚያ አጥር ሄድን። ለኔ ባይሆንም ለእሱ እዚያ መቅረብ ያስፈራል፤ እንዳይታወቅ ኮፍያ አደረገ። "ሁንዴ ጆቴ! የቡልቡላው!" እያልኩ ተጣራሁ። በመጀመሪያው እሁድ የሚያውቀው አልተገኘም። በሁለተኛው አንድ የዝዋይ ልጅ ሮጦ ጠራልን። መጣ። ቀመሪያ፣ የመጨረሻ ያየሁት ትንሽ ልጅ ሆኖ ነው፤ ግን ያንቺ አገጭ ስላለው ከሩቅ ለየሁት። አልከሳም። ሲራመድ አያነክስም። ጥርሱ ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ አየሁልሽ።

ማን እንደሆንኩ ስነግረው ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። ከዚያ ቀነዓን አየው።

"አንተ ነህ?" አለው።

"እኔ ነኝ።"

"ትልቅ ሆነሃል።" በሽቦው ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ የቀነዓን ኮፍያ ዓይኑ ላይ ጎተተበት። "ከዚህ ራቅ፤ አንተን ደግሞ ሁለተኛ እንዳያነሡህ" ብሎ ሳቀ። ቀነዓ ግን አልሳቀም፤ ጣቱን ያዘና አልለቅ አለው።

ስላንቺ ጠየቅሁት። "እናቴን በግራሩ ውስጥ ዓመት ሙሉ አለፋኋት። አሁን ጀርባዋ ይረፍ በያት" አለኝ። "አባቴን ደግሞ ፊት እንዳትነሣው በያት፤ በሩ ላይ ስንገናኝ ሽበቱን አይቻለሁ" አለኝ። እኔ አልጨመርኩም፤ ያለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ሄጃለሁ። ያለፈው ማክሰኞ አብዱልጀባር ካሚዮኖቹ ተሰልፈዋል ብሎ ነገረኝ። የሆቴሉ ባለቤት ለሁንዴ የሠራሁትን ወጥ በድስት ይዤ ስወጣ አይታ አልከለከለችኝም። ሥጋው የታረደው አብዱልጀባር ቤት ነው፣ በእስላም እጅ ነው፤ ለሌላው የሆቴል ወጥ በሚሠራበት ዕቃም አልሠራሁትም። በዚህ እንዳትጠራጠሪ።

ከቀነዓ ጋር ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ነበር። የዚያን ዕለት ወታደሮቹም አልከለከሉንም፤ እናቶች ገብተን በመኪኖቹ መካከል ተራወጥን። ሁንዴ መኪናው ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሲያየኝ ወደ ጠርዙ መጣና ጎንበስ አለ። ሳህን ለመዘርጋት ጊዜ የለም። ድስቱን ቀነዓ ራሱ ላይ ተሸክሞልኝ በእጄ እየጠቀለልኩ አጎረስኩት። እሱም እየተቀበለ ጎረሰ። ያንቺን እጅ እያሰበ ይሁን አላውቅም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጎርሰው። አጠገቡ ለቆሙትም አጎረስኩ፤ የሚያጎርሳቸው ያልመጣላቸው ብዙ ነበሩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አፉ ሙሉ ስለነበር ደህና ሁኚ ማለት አልቻለም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ቀነዓ አስፋልቱ ላይ እስኪደክመው ድረስ ከኋላ ሮጠ። እኔ ባዶውን ድስት ይዤ ቆምኩ። ወደ የት ግንባር እንደሚወስዷቸው የነገረን የለም፤ የደብዳቤ አድራሻም አልሰጡንም። እየጠየቅሁ ነው፤ መጠየቄንም አልተውም።

ሄዷል፣ ቀመሪያ። ግን በልቶ ነው የሄደው።

ዘርፉ